መስመር መቆራረጥ ማጭበርበር አይደለም፦ ለጨዋታው ኩባንያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለጨዋታው አዘጋጅ ኩባንያ፣ ለሰርቨር መሐንዲሶችና ማጭበርበርን ለሚቆጣጠረው ክፍል
አላችሁበት

ክቡራንና ክቡራት፣

ከሁሉ አስቀድመን ሰላምታችን ይድረሳችሁ። እኛ አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ፣ አንድ ጌም ቤት ውስጥ የምንሰባሰብ ተጫዋቾች ነን። 34 ነን። አብዛኞቻችን ተማሪዎች ነን፤ ከሥራ በኋላ የሚመጡም አሉ። የምንጫወተው የእናንተን አምስት ለአምስት የተኩስ ጨዋታ ነው። ከጀመርን ሦስት ዓመት አልፎናል።

ይህንኑ አቤቱታ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ልከንላችሁ ነበር። የመጣልን መልስ ግን ሰው ያነበበው አይመስልም። ስለዚህ አሁን በአማርኛ፣ በግልጽ እንጽፋለን። ወላጆቻችን፣ የጌም ቤት ባለቤቶችና ሌሎች ተጫዋቾችም ጉዳዩን ይወቁት። የኩባንያችሁን ስም አልጠራንም። ነገሩ እንዲስተካከል ነው እንጂ ስም ለማጥፋት አይደለም። የአቤቱታ ቁጥሮቻችን በእጃችሁ ስላሉ ማን እንደሆንን ታውቃላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ባወጣችሁት ማሻሻያ ላይ አንድ አዲስ ጥፋት ጨመራችሁ፤ “መስመርን ሆን ብሎ ማዛባት” ይባላል። ፈራጁ ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው። ማሻሻያው በወጣ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከመካከላችን 11 ሰዎች ታገዱ። አራቱ እስከመጨረሻው ነው የታገዱት። ከ11ዱ አንድም ያጭበረበረ የለም። ይህን የምንለው በጓደኝነት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ነው የምንጫወተው። አንዱ የሌላውን ስክሪን ያያል።

የመጀመሪያውን ጉዳይ በዝርዝር እንንገራችሁ። የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ማች መሀል ላይ መብራት ሄደ። ኮምፒውተሮቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ስለሆኑ አልጠፉም። ራውተሩ ግን ዩፒኤስ ላይ አልነበረም። ጄኔሬተሩ እስኪነሳና ራውተሩ እስኪመለስ ልጁ ከጨዋታው ወጣ፤ ሲመለስ ተመልሶ ገባ። በዚያው ምሽት ሌላ ሁለት ጊዜ መብራት ሄደ። በማግስቱ ጠዋት አካውንቱ ተዘግቷል። ይግባኝ ጻፈ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ መልስ መጣለት፦ ተመርምሯል፣ ውሳኔው የመጨረሻ ነው። በስድስት ደቂቃ ማን ምን መረመረ?

ሌላው ልጅ ከቤቱ ነው የሚጫወተው፤ በስልክ ሆትስፖት። ማታ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ኢንተርኔት ላይ ስለሚሆን መስመሩ ይጨናነቃል። ፒንጉ፣ ማለትም መልእክት ጨዋታውን ወደሚመራው ማዕከላዊ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ፣ ከ140 ሚሊሰከንድ ተነስቶ 600 ይደርስና ይመለሳል። እሱም “አዛብተሃል” ተባለ። አካውንቱ ላይ ያሉትን ዕቃዎች የገዛችለት ዱባይ የምትሠራ እህቱ ናት። እዚህ ሆኖ በውጭ ካርድ መክፈል ቀላል ስላልሆነ እሷ በየበዓሉ ትገዛለታለች። ያ ሁሉ አብሮ ተዘጋ። እህቱ “ምን አጥፍተህ ነው?” ብላ ስትጠይቀው የሚመልሰው አልነበረውም።

እናንተ የምታሳድዱትን ሰው እናውቀዋለን። እኛንም ያስመርረናል። ላግ ስዊች የሚጠቀመው ሰው የራሱን መስመር ሆን ብሎ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ይቆርጣል። እሱ ዘንድ ጨዋታው ይቀጥላል። እኛ ስክሪን ላይ ግን ደርቆ ይቆማል። ከዚያ መስመሩን ይለቀዋል። በዚያች ጊዜ ያደረገው ሁሉ ተጠራቅሞ በአንዴ ሰርቨሩ ላይ ይራገፋል። ሰርቨሩም ሁሉንም እሺ ብሎ ይቀበላል። እኛ ከየት እንደተመታን ሳናውቅ እንወድቃለን።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡልን። ይህ ማጭበርበር የሚሠራው ለምንድን ነው? ሰርቨራችሁ ጊዜው ያለፈበትን መልእክት ስለሚቀበል ነው። የሁለት ሰከንድ ዕድሜ ያለውን ተኩስ አልቀበልም ቢል ኖሮ፣ መስመሩን የቆረጠ ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ ነበር። ደርቆ ሲቆም ተመትቶ ይወድቃል፣ አለቀ። የእኛም ልጅ መብራት ሲሄድበት ጨዋታው ውስጥ ይሞታል፤ ያ ማች ይበላሽበታል። እንደ ሌባ ግን አይታገድም። ማን ሆን ብሎ ቆረጠ፣ ማን መብራት ሄደበት ብሎ መገመትም አያስፈልግም ነበር። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። እናንተ ግን ቀዳዳውን ትታችሁ መስመሩ ደካማ የሆነውን ሰው መታችሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይህ ነው።

ዕድሜ ጠገብ ዕውቀት ነው የምንነግራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 የጨዋታ ፕሮግራመሩ ጆን ካርማክ ኩዌክ ወርልድ ለተባለው የተኩስ ጨዋታ የሠራው መፍትሔ ዛሬም ይሠራል። የተጫዋቹ ኮምፒውተር ቁልፉ እንደተነካ ወዲያው እንቅስቃሴውን ያሳያል፤ ተጫዋቹ መዘግየቱ እንዳይሰማው። ያ ግን ለዓይን ብቻ ነው። እውነተኛው ቦታ ሰርቨሩ ያለው ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ የሰርቨሩ ያሸንፋል። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2001 ቫልቭ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ መሐንዲስ ያን በርኒየር፣ ሰርቨሩ ተኩስን ሲዳኝ ሰዓቱን በተኳሹ መዘግየት ልክ ወደኋላ መልሶ እንዴት እንደሚያይ ጽፎ ለሁሉም አሳተመ። ፒንጉ ከፍ ያለ ሰውም ያየውን ዒላማ እንዲመታ የሚያደርገው ይህ ነው። እዚህም ላይ ዳኛው ሰርቨሩ ነው። ተኳሹ “መታሁ” ስላለ ብቻ አይታመንም።

የእናንተ ጨዋታ ግን እንደዚያ አይሠራም። ኮዱን አላየንም። ውጤቱን ግን በየቀኑ እናያለን።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሀከር፣ በማጭበርበሪያ ፕሮግራም የሚጫወት ሰው፣ ገጠመን። ሪፕሌዩን (የማቹን ቅጂ) አስቀምጠን ደጋግመን አየነው። በእናንተው መግለጫ መሠረት ሰው በጨዋታው ውስጥ ሲሮጥ በሰከንድ ከ6 ሜትር አይበልጥም። ይህ ሰው 40 ሜትር የሚሆነውን በሁለት ሰከንድ አለፈ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሰባት ጊዜ። ሰርቨሩ ሰባቱንም ጊዜ ተቀበለው። እንግዲህ ይህ የሚሆነው ቦታውን የሚናገረው የተጫዋቹ ኮምፒውተር ሲሆን ነው። “እዚህ ነኝ” ይላል፤ ሰርቨሩም “እሺ፣ እዚያ ነህ” ይላል። ትክክለኛው አሠራር ተጫዋቹ የተጫነውን ቁልፍ ብቻ እንዲልክ ነው። ወደፊት ተጫንኩ፣ ወደ ግራ ዞርኩ፣ ተኮስኩ። የት እንደደረሰ የሚያሰላው ሰርቨሩ ነው። ያን ሁሉ መለወጥ ከባድ ነው ብትሉ እንኳ፣ ሁለት ቦታዎችን ቀንሶ በጊዜው ማካፈል ከባድ ነው? የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ እኮ ነው።

ያው ሰው በሌላ ማች ላይ ከሁለት ፎቅ በታች ያለን ተጫዋች በኮንክሪት ውስጥ ሲመታ ታየ። በእናንተ ጨዋታ ጥይት ኮንክሪት አያልፍም። ታዲያ ሰርቨሩ መሀል ላይ ግድግዳ መኖሩን ሳያይ ግድያውን እንዴት አጸደቀው? “መታሁ” የሚለው ቃል ብቻውን በቂ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በአባቶቻችን ዘመን በበላ ልበልሃ ሙግት ላይ እንኳ ዳኛው ግራና ቀኙን ሰምቶ ነበር የሚፈርደው። እናንተ ዘንድ ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም የሀከሩ ኮምፒውተር ሆኗል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሪፖርት አደረግነው። ትናንት ማታም ሲጫወት ነበር። የእኛ 11 ልጆች ግን እስካሁን ውጭ ናቸው።

ስለ ዎልሀክም እንናገር። በግድግዳ የሚያዩ ሰዎች በዝተዋል። ይህ ማጭበርበር ከሌላው ይለያል፤ ሰውየው ሰርቨሩን ምንም አይዋሸውም። ሰርቨሩ ራሱ የላከለትን ነው የሚያነበው። የአሥሩም ተጫዋች ቦታ ለአሥሩም ኮምፒውተር ሁልጊዜ ይላካል። ስክሪኑ ላይ ባይታይም ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ደብዳቤውን አሽጋችሁ በጠላቱ እጅ እንደ መላክ ነው፤ ማሸጊያውን ለመቅደድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ራዮት ጌምስ የተባለው ኩባንያ ቫሎራንት ለተባለው የተኩስ ጨዋታው ያደረገውን ታውቃላችሁ። ተጋጣሚው ሊታይ እስኪቃረብ ድረስ ሰርቨሩ ቦታውን አይልክም። ያልተላከን ነገር ደግሞ ማንም ሊያነብ አይችልም። ፍጹም አይደለም፤ ሰው ከጥግ ከመውጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ መላክ ግድ ነው፣ አለዚያ በድንገት ብቅ ይላል። ቢሆንም ከካርታው ጫፍ እስከ ጫፍ ማየትና አንድ እርምጃ ቀድሞ ማየት ሰማይና ምድር ናቸው።

ኤይምቦት፣ ማለትም በራሱ የሚያነጣጥር ፕሮግራም፣ ግን በዚህ መንገድ እንደማይቆም እናውቃለን። እጁ ፈጣን የሆነ ሰውና ኤይምቦት የሚልኩት ቁልፍ አንድ ዓይነት ሊመስል ይችላል። ሰርቨሩ ብቻውን አይለየውም። እዚያ ላይ ሪፕሌይ የሚያይ፣ ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ማሽኑ ይጠርጥር፣ ሰው ይፍረድ። ይህን የምንለው ሁሉንም ነገር ሰርቨር ይፈታዋል ብለን እንደማናስብ እንድታውቁልን ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተር ቁጥር 7 እንምጣ። በጌም ቤታችን 12 ኮምፒውተሮች አሉ። አንድ ቅዳሜ አንድ የማናውቀው ልጅ መጥቶ ቁጥር 7 ላይ ሁለት ሰዓት ተጫወተ። ከፍላሽ ላይ የሆነ ነገር ጭኖ ነበር። የጌም ቤቱ ጠባቂ ሲያውቅ አስነሳው። እናንተም አገዳችሁት፤ ጥሩ አደረጋችሁ። ነገር ግን አካውንቱን ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩንም አገዳችሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥር 7 ላይ የተቀመጠ ሁሉ፣ በራሱ ንጹሕ አካውንት ቢገባም፣ ይታገዳል። ሳናውቅ ሦስት ልጆች እንደዚያ ታገዱብን። እናንተ አገር አንድ ኮምፒውተር የአንድ ሰው ነው ይሆናል። እዚህ አንድ ኮምፒውተር ላይ በሳምንት ሃያ ሰላሳ ሰው ይቀመጣል። ባለቤቱ የቁጥር 7ን ማዘርቦርድ ለመቀየር ዋጋ ጠይቆ ተመልሷል። ልጆቹን ጥፉ አላላቸውም፤ ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ይግባኝ ጽፏል። እሱም መልስ አላገኘም።

የአይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) እገዳውም እንዲሁ ነው። በስልክ ኢንተርኔት ላይ ብዙ ሰው በአንድ የውጭ አይፒ ሊወጣ ይችላል። አድራሻ በዓለም ላይ ስላነሰ ቴሌኮሞች የሚያደርጉት የታወቀ ነገር ነው። አንዱን አይፒ ስታግዱ ማንን እንዳገዳችሁ አታውቁም።

በቅርቡ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚነሳ፣ ከዊንዶውስ ሥር ገብቶ ሁሉን የሚያይ ፕሮግራም ግዴታ ልታደርጉ እንደሆነ አሳውቃችኋል። ይህ እኛን ያሳስበናል። ጌም ቤቱ ውስጥ ሰዎች ኢሜይላቸውን ይከፍታሉ፤ የሥራ ማመልከቻ ይሞላሉ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ቀዳዳ ካለው ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2022 ታይቷል። ገንሺን ኢምፓክት የተባለውን ጨዋታ የማጭበርበር መከላከያ ድራይቨር (ከዊንዶውስ ሥር የሚሠራ ፕሮግራም)፣ ጨዋታው ጨርሶ ባልተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ሳይቀር፣ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንጀለኞች ጸረ ቫይረሱን ለማጥፋት ተጠቀሙበት። ድራይቨሩ ሕጋዊ ፊርማ ስለነበረው ዊንዶውስ አመነው። እኛ እንዲህ ያለ ነገር በጭራሽ አይኑር አንልም። መጀመሪያ ግን የራሳችሁን ቤት በር ዝጉ። ሰርቨሩ 40 ሜትር የዘለለን ሰው እሺ እያለ፣ የእኛን ኮምፒውተር ሥር ድረስ ልፈትሽ ማለት ቅደም ተከተሉ አልገባንም።

ስለ ርቀትም ትንሽ እንበል። ከአዲስ አበባ የምንገናኘው ፍራንክፈርት ካለው ሰርቨራችሁ ጋር ነው። በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ኬብሉ እንደ ክር ተወጥሮ ቢዘረጋ እንኳ ለደርሶ መልስ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች አይሆንም። ኬብሉ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። አገራችን ባሕር በር የላትም፤ መስመሩ በጎረቤት አገር ወጥቶ ነው ባሕር የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲቆረጡ የዚህ አካባቢ ኢንተርኔት ምን ያህል በዚያ ባሕር ላይ እንደተንጠለጠለ ሁሉም አይቷል። 140 ፒንግ የእኛ ስንፍና አይደለም። ደህና በሚባል ቀን የምናገኘው ነው። ሰርቨር የሚያከራየው የአማዞን የደመና ማእከል ባሕሬን ውስጥ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ከፍራንክፈርት ግማሽ እንኳ አይርቅም። እዚያ ሰርቨር ብታስቀምጡ የሚጠቀመው ኢትዮጵያዊ ብቻ አይደለም። ዱባይና ሪያድ ያሉ ወገኖቻችንም፣ የዚያ አገር ልጆችም ይጠቀማሉ።

ገንዘብ እንደሚጠይቅ እናውቃለን። ሁሉንም ነገር የሚያሰላ ሰርቨር፣ ዝም ብሎ መልእክት ከሚያቀባብል ሰርቨር ይልቅ ውድ ነው። ግን እናንተም ዕቃ ትሸጣላችሁ፤ እኛም እንገዛለን። ዲያብሎ የተባለው ጨዋታ መጀመሪያ ሲወጣ የተጫዋቹ ገጸ ባሕርይ የሚቀመጠው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ያልለፋበትን ዕቃ ፋይሉ ውስጥ ጽፎ የሚመጣው በዛ፤ ጨዋታው ተበላሸ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዲያብሎ 2 ሲመጣ ኩባንያው ገጸ ባሕርያቱን በራሱ ሰርቨር ላይ አስቀመጠ። ወጪ ነበረው። ያንን ወጪ ለሀከሮች ሲል አላወጣውም፤ በሐቅ ለሚጫወቱት ሲል ነው።

ስህተትን ማመንም የሚያዋርድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቫልቭ 12,000 ያህል ተጫዋቾችን በስህተት አግዶ ነበር። ጥፋቱ የራሱ ማሻሻያ እንደነበር ሲያውቅ እገዳውን አነሳ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ለእያንዳንዱም ጨዋታ በስጦታ ሰጠ። እኛ ስጦታ አልጠየቅንም።

የምንጠይቀው ይህን ነው።

የ11ዱ አባሎቻችን ፋይል በሰው ይታይልን። የማቾቹ ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ መብራት የጠፋበትን ጊዜ የሚያሳይ ማስታወሻችንም ተያይዟል። ጥፋተኛ ካላችሁት ማስረጃውን ለራሱ ለተጫዋቹ አሳዩት። ይህ እስኪሆን ድረስ “መስመርን ማዛባት” በሚለው ጥፋት ብቻ ማንንም እስከመጨረሻው አታግዱ። መስመሩ የተቆራረጠውን ሰው ከማቹ አስወጡት፣ ከፈለጋችሁ ለዚያ ምሽት ራንክ ማች (ደረጃ የሚያሰጥ ማች) ከልክሉት፤ ያ ያስማማናል።

ሰርቨሩ ያረጀን መልእክት የማይቀበልበትን ወሰን አስቀምጡ። ወሰኑንም ለተጫዋቹ ንገሩ። ፍጥነትንና ግድግዳን ሰርቨሩ ራሱ ይመርምር። ይህ ቢያንስ በሚቀጥለው ማሻሻያ ሊጀመር ይችላል ብለን እናምናለን። የተጋጣሚን ቦታ ለማይመለከተው አለመላክ ረዘም ያለ ሥራ እንደሆነ ይገባናል፤ መቼ እንደምትጀምሩት ግን አሳውቁን።

ለጌም ቤቶች የተለየ ምዝገባ ይኑር። ባለቤቱ ተመዝግቦ ኮምፒውተሮቹን ያሳውቅ፤ እገዳው ባጠፋው አካውንት ላይ ይሁን። ቁጥር 7ን ክፈቱልን።

ለዚህ አካባቢ ቅርብ የሆነ ሰርቨር ለማስቀመጥ አስባችሁ ከሆነ ንገሩን። ለሙከራ ተጫዋች ከፈለጋችሁ በማንኛውም ምሽት 34 ሰው አለ፤ የፒንግና የመቆራረጥ መዝገባችንንም እንሰጣችኋለን።

መልሳችሁን በ30 ቀን ውስጥ እንጠብቃለን። ሲደርሰን በጌም ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጎን እንለጥፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የተጫዋቾች ቡድኑ አስተባባሪ
ስለ 34ቱ አባላትና ስለ ጌም ቤቱ ባለቤት
መገናኛ፣ አዲስ አበባ